ለሠላሳ ዓመት ሳልነግራችሁ የቀረሁት ቫልቭ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ከተፈላ ከአቦል እስከ በረካ የሚያደርስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

በተለይ ደብረ ወርቅ ላይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የእናንተ ዕዳ አለብኝ።

የእንፋሎት ሞተርን ትምህርት የረሳችሁ ያላችሁ አይመስለኝም። ሰሌዳው ላይ ማንቆርቆሪያ እሥላለሁ። ውሃው ይፈላል፣ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ስኮትላንዳዊ ልጅ ተቀምጦ ያየዋል። ልጁ ያድግና ጄምስ ዋት ይሆናል፤ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ይፈለስፋል፤ ከዚያ ባቡር ይመጣል። ደወል ይደወላል፣ ትወጣላችሁ። በየዓመቱ ያው ማንቆርቆሪያ፣ ያው ክዳን። አብዛኞቻችሁ ባቡር አይታችሁ አታውቁም ነበር፤ እኔም ብሆን በእንፋሎት የሚሄድ አላየሁም። ከደብረ ወርቅ ተነስቶ ሐዲድ የሚባል ነገር ለማየት ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለገሃር መድረስ ያስፈልጋል፤ እዚያ ሲደረስም የእንፋሎቱ ዘመን ድሮ አልፏል።

አንዱን ስህተት እዚሁ ላርመው። ዋት በ1736 ሲወለድ የእንፋሎት ሞተር ነበረ። ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ በ1712 ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር አቁሟል። ዋት ያደረገው ያንን ማሻሻል ነው። እንፋሎቱ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል ከሲሊንደሩ ለየው፣ በ1769 የፈጠራ መብት ወሰደበት፣ የከሰሉ ፍጆታ በብዙ ቀነሰ። ትልቅ ሥራ ነው። ማንቆርቆሪያው ግን ተረት ቢጤ ነው፤ ይቅርታ።

ዋናው ዕዳ ሌላ ነው። እሱን ያወቅሁት አምና ነው።

አምና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ በሹራብ የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ያኔ ሰሌዳ ላይ የሣሉልን ይኸው» አለኝ። ስፈታው ትንሽዬ ሎኮሞቲቭ ናት። መጫወቻ እንዳትሉ! ባትሪ የላትም፣ ገመድ የላትም። የናስ ቦይለሯ ውስጥ ውሃ ትሞላላችሁ፣ ከሥሯ እሳት ታደርጋላችሁ፤ ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ሁለቱ ሲሊንደሮች ይሄዳል፣ መንኮራኩሯ ይዞራል። እውነተኛ ባቡር ናት፣ ማነሷ ብቻ ነው። የሐዲዷ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጅቡቲው የድሮ መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉትን በጓሯቸው ሐዲድ ዘርግተው የሚነዱ ብዙ ሰዎች አሉ። አሮጌ ገዝቶ ቫልቩን፣ ቱቦውን፣ መለኪያውን እየቀያየሩ ማሻሻል እዚያ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ፍቅር ነው።

የእኔዋም አሮጌ ናት። ከቦይለሯ አናት ላይ አንዲት ሴፍቲ ቫልቭ አለች፤ ከናስ የተሠራች፣ ውስጧ ቀጭን ሞላ ያላት፣ ግፊቱ ሲበዛ ተከፍታ እንፋሎት የምትለቅ። ከዚህ በቀር ምንም የለም። ግፊቱ ስንት እንደደረሰ የሚናገር መለኪያ የለም፤ ውሃው ስንት እንደቀረ የሚያሳይ መስታወት የለም።

ሐዲዷን በረንዳዬ ላይ ዘረጋሁ፣ የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ፣ እሳት ሰጠኋት። ገና ጉልበት ሳታገኝ ቫልቯ ፊሽ ማለት ጀመረች። ሁለት ዙር ሄዳ ቆመች። ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪ ደግሞ ጡረታ ቢወጣም ሲሳቅበት አይወድም። ማታ ቫልቯን ፈትቼ ከቆርቆሮ የቆረጥኳትን ቀለበት ከሞላዋ ጋር አስገባሁ፣ ሞላዋ እንዲጠነክርና እንፋሎቱ «እንዳይባክን»። በማግስቱ በረረች! ልጆቹ እያጨበጨቡ፣ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ቦይለሯ ድረስ አስጠግተው ያዩ ነበር። ሦስት ቀን እንዲህ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በአራተኛው ምሽት ስለ ሎኮሞቲቭ ታሪክ ሳነብ 1803 ላይ ደረስኩ።

ሪቻርድ ትሬቪቲክ የሚባል ሰው ነበር፣ የኮርንዎል ሰው። ዋት ከፍተኛ ግፊትን ይፈራ ነበር፤ ትሬቪቲክ ግን የወደፊቱ ሞተር ትንሽና ኃይለኛ መሆን አለበት፣ ለዚያም እንፋሎቱ መታመቅ አለበት ብሎ ተነሳ። በ1804 ዌልስ ውስጥ ፔኒዳረን ከሚባል የብረት ፋብሪካ ተነስቶ 10 ቶን ብረትና 70 ሰው የጎተተችው ሎኮሞቲቭ የእሱ ናት። ይህን መጽሐፍ ሁሉ ይጽፈዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ በመስከረም 1803፣ ለንደን አጠገብ ግሪንዊች ላይ ውሃ ለመሳቢያ ያቆመው ሞተር ፈንድቶ አራት ሰው ገድሏል። ሞተሩን እንዲጠብቅ የተመደበው ልጅ ሴፍቲ ቫልቩን እንዳይከፈት አስሮ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር ይላሉ።

ብርድ ብርድ አለኝ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። እሱ አሰረው፣ እኔ ቀለበት አስገባሁበት። እሱ ልጅ ነበር፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በሌሊት ተነስቼ ቀለበቷን አውጥቼ ጣልኳት፣ ሎኮሞቲቯንም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ይኸውላችሁ ዕዳው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንፋሎት እንዴት እንደሚገፋ አስተማርኳችሁ፤ እንዴት እንደሚለቀቅ አንድ ቀን አልነገርኳችሁም። ሰሌዳው ላይ ከሣልኳቸው ቦይለሮች አንዱም ሴፍቲ ቫልቭ አልነበረውም።

«ይህች ቁራጭ ነገር ምን ታደርጋለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ ግፊት ይይዛል፤ የእኔዋ ሎኮሞቲቭ በጤናዋ አንድ ባር እንኳ አትሞላም። ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። ታምቆ የፈላ ውሃ ከተለመደው መፍያው በላይ ይሞቃል፤ ክዳኑ ስለተያዘ ብቻ ነው ውሃ ሆኖ የሚቆየው። ቦይለሩ አንድ ቦታ ከተቀደደ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውሃ ደግሞ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያ ነው ግሪንዊች ላይ የፈነዳው፤ አንድ የልጅ ፊትም ለማቃጠል አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። (መፍያን ካነሳን አይቀር፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ አስተምሬ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትለኩ ከ94 በታች ሲሆንባችሁ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ያልኳችሁ ትዝ ይላችኋል? ቴርሞሜትሩ ደኅና ነበር። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ አየሩ ሳስቷል፣ ውሃም ቀድሞ ይፈላል። ይህንንም ከዕዳው ላይ ደምሩት።)

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ስለነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ሆነ፤ ለካ የእንፋሎት ታሪክ ግማሹ የእነሱ ታሪክ ነው። ሴፍቲ ቫልቭ ከሞተሩ ራሱ ይቀድማል። ዴኒስ ፓፔን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1680 አካባቢ አጥንት የሚቀቅልበት ድፍን ድስት ሠርቶ፣ ድስቱ እንዳይፈነዳበት በአናቱ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት ቫልቭ አደረገለት። ዛሬ ባቄላና ሥጋ የምትቀቅሉበት ፕሬዠር ኩከር የዚያ ድስት ልጅ ነው፤ አናቱ ላይ የሚያፏጨው ክብደት ያው የፓፔን ቫልቭ ነው። ትሬቪቲክም ከግሪንዊች በኋላ ሁለት ቫልቭ ማድረግ ጀመረ፣ አንዱ የሠራተኛ እጅ የማይደርስበት። ቦይለሩ ላይም በእርሳስ የተደፈነ ቀዳዳ አበጀ፤ ውሃው አልቆ ብረቱ ሲግል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱን ያፈሰዋል። ይህን ሁሉ አድርጎም ሰው አልተማረም። በ1831 አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የአንዲት ሎኮሞቲቭ እሳት አንዳጅ የቫልቩ ጩኸት ሰለቸውና ዘጋው፤ ቦይለሯ ፈነዳ፣ እሱም ሞተ። በ1850ዎቹ እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም ነጂ ሊነካካው የማይመቸው ቫልቭ ሠራ። ንድፉን ሳየው ሰውየው የእኔን ዓይነቱን ሰው በደንብ ያውቅ ነበር አልኩ።

ግፊትን በቀላሉ በዓይን ማየት የተቻለው ደግሞ በ1849 ነው። ፓሪስ ውስጥ ኡዤን ቡርዶን የሚባል ሰው ጠፍጠፍ ያለች ቱቦ ወስዶ እንደ ማጭድ አጠፋት። ውስጧ ግፊት ሲገባ ልትቃና ትሞክራለች፤ በጫፏ ላይ የተያያዘው ቀስት ይዞራል። በቃ። ዛሬ ጎማ ቤት ሄዳችሁ የምታዩት ባለ ቀስት መለኪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ ያለው ሁሉ ይኸው ነው። በ1858 ሌላው ፈረንሳዊ አንሪ ዢፋር ኢንጀክተርን አመጣ። ይህ ያለ ፓምፕ፣ በቦይለሩ በራሱ እንፋሎት ውሃን መልሶ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል ብዬ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ፤ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ አገራችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ እኛጋ በስም ብቻ አለ። «ባቡር» የምንለው ቃል ራሱ እንፋሎት ማለት ነው። ጣሊያኖቹ «ቫፖሬ» ይላሉ፤ ቃሉ በዓረብ መርከበኞች አፍ «ዋቡር»፣ «ባቡር» ሆኖ መጀመሪያ የእንፋሎት መርከብ ስም ሆነ። የብስ ላይ የሚሄደው ሲመጣ «የምድር ባቡር» ያልነው ለዚህ ነው፤ ከባሕሩ ለመለየት። እኛ ሰፈር ደግሞ እህል የሚፈጨው ሞተርም ባቡር ነው። ከብቸና እስከ ሞጣ ሐዲድ የለም፣ «እህሉን ባቡር ወስጄ መጣሁ» የሚል ሰው ግን ሞልቷል። ሞተሩ ዲዝል ነው፣ አንዲት ጠብታ እንፋሎት የለውም፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

እንፋሎቱ ራሱ ወደ አገራችን የገባበት መንገድ ያሳዝናል። አፄ ቴዎድሮስ የሚፈልጉት ባለ እጅ፣ ባለሙያ እንደነበር ታውቃላችሁ። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መልስ ቀረ፣ ቂሙ ተከተለ፣ ቆንስሉ ታሰረ። በ1866 መጨረሻ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች በእርግጥ ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። እስረኞቹ ካልተፈቱ አይገቡም ተባለ፣ አልተፈቱም፣ ባለሙያዎቹም ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው የናፒየር ጦር ነው። ጦሩ ከጥንቷ አዱሊስ አጠገብ፣ ዙላ ላይ ሲሰፍር ከሕንድ ሐዲድና ያረጁ ሎኮሞቲቮች አምጥቶ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ሥር፣ ኩማይሊ ድረስ ዘረጋ። ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ነው። በዚያ በረሃ ንጹሕ ውሃ ስለሌለ መርከቦቹ የባሕር ውሃ አፍልተው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ለሰውና ለከብቱ ያጠጡ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሞቱ፤ ጦሩም ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ። ባለሙያ የለመኑት ንጉሥ በሕይወታቸው የደረሰላቸው እንፋሎት ይህ ነው።

የምኒልኩን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ መዳመጫ ያስመጣት የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተብላ አዲስ አበባን አስገርማለች። ፈቃዱን ማን ፈረመ፣ ማን ተቃወመ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ እንዴት ተሻሙ፣ ይህን ሁሉ እኔም ለፈተና አሸምድጄዋለሁ። ቦይለሩን ማን ጠበቀው የሚለውን ግን የጠየቀን ፈተና የለም። ያ መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብዙው ውሃ በሌለበት ቆላ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከእሳቱ በላይ ውሃ ይበላል፤ ውሃው ጨዋማ ወይም ጠጣር ከሆነ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት የቦይለሩን ቱቦዎች ይለብሳቸዋል። በእንፋሎቱ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ይታደራል። ነጂው በዚያ ሁሉ መንገድ ዓይኑ ሁለት ቦታ ነው፤ የግፊቱ ቀስት ላይና የውሃው መስታወት ላይ። መስታወቱ ባዶ ከሆነ ሐዲዱም፣ ፈቃዱም፣ የንጉሡ ማኅተምም አያድነውም። በ1950ዎቹ ዲዝሉ ሲመጣ ያ ዓይን ሥራ ፈታ። ስለ ኢልግ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ስለ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ቦይለር ጠጋኞች እኔ እጅ የገባ አንድ ገጽ የለም፤ ይህ ያናድደኛል።

እንግዲህ ወደ ሣጥኗ ልመለስ። ተማሪዬ የሆነውን ነግሬው ስቆም ሳቀና፣ ከወር በኋላ በሰው እጅ ትንሽ ፖስታ ላከልኝ። ውስጡ አዲስ ሴፍቲ ቫልቭ፣ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያላት የቡርዶን መለኪያ፣ የውሃ ማሳያ መስታወት፣ በመርፌ ውሃ የሚሞላባት አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ፣ የዘይት ጽዋ። ይዤ የሄድኩት የት መሰላችሁ? ባቡር ቤት፤ ወፍጮው ጋ።

የወፍጮው መካኒክ መጀመሪያ መለኪያዋን አይቶ በጣም ሳቀ። ቀጥሎ ቫልቯን በጥፍሩ ጥርሷ ላይ ዳሰሳትና «ጋሼ፣ ይቺ ሚሊ አይደለችም፣ ኢንች ናት» አለኝ። መለኪያ ሳያነሳ! አሮጌ የእንግሊዝ ዲዝል ሲፈታ የኖረ ነውና ጣቱ ያውቃል። በሚሊ ብሎን ብንሞክር የቦይለሯን ጥርስ በልተን እንጨርሰው ነበር። ከፖስታው ጋር የመጡትን ማሸጊያ ቀለበቶች አድርገን፣ በፒንሳ ሳይሆን በልኳ ቁልፍ፣ ቀስ ብለን አሰርን።

መለኪያዋን በቀጥታ ቦይለሩ ላይ አንሰካትም። ከመካከሉ ቀለበት የሠራ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ይተኛል፣ ግፊቱን የሚያስተላልፈው ውሃው ነው፣ ትኩሱ እንፋሎት መለኪያዋን አይነካትም። የዘይቷ ጽዋም ያው ዘዴ ናት። ትንሽ እንፋሎት ገብቶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፣ ዘይቱን ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይልከዋል። ሞተር የለም፣ ሰው የለም። መካኒኩ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ይሄንን ያሰበው ሰው ሰነፍ ነው፤ ጥሩ ሰነፍ» አለ።

አንድ ቦታ ላይ ተጣላን። መፍሰሷን ለመፈተሽ የጎማ ኮምፕረሰሩን አስነስቶ አየር ሊሞላባት አለ። እምቢ አልኩ። አየር ሲታመቅ እንደ ሞላ ነው፤ ቦይለሩ ከለቀቀ ስብርባሪው ይወረወራል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ ቢቀደድ ጠብ ብሎ ያበቃል። ስለዚህ ትላልቆቹም ሎኮሞቲቮች የሚፈተኑት በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ከሚሠሩበት ግፊት በላይ ተደርጎ። እኛም ቀዳዳዎቿን በብሎን ደፍነን፣ ሙሉ ውሃ ሞልተን፣ የመርጫ ፓምፕ አገናኝተን ቀስ በቀስ 2 ባር አደረስናት፤ ከምትሠራበት እጥፍ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ግን አሥሩንም ደቂቃ አልተቀመጥኩም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ አስነሳናት። ልጆቹን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አቆምኳቸው፣ የነጠላ ገመድ ሳይቀር ዘርግቼ። የዝናብ ውሃ ነው የሞላኋት፣ ቅርፊት እንዳይሠራባት። ቀስቷ ተነሳች፣ አንድ ባር ላይ ስትደርስ አዲሷ ቫልቭ ፊሽ አለች፣ ልጆቹ እንደ አምናው ሳቁ። «ምን አለች?» አልኳቸው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «በቃኝ አለች» አለች። ሰሌዳ ቢኖረኝ እጽፈው ነበር። አሥራ ሰባት ዙር ሄዳ ውሃዋ መስታወቱ ሥር ሲደርስ እሳቱን አወጣሁ።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ከእናንተ መካከል ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያደጋችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ «ኩባንያ» የሠሩ አላችሁ። ሴፍቲ ቫልቩን ምን ይሉት ነበር? የውሃውን መስታወትስ? በፈረንሳይኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ እንዴትም ይሁን የሰማችሁትን ቃል ጻፉልኝ። ደብተር ከፍቻለሁ፤ እስካሁን የተጻፈበት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም «ባቡር»።